ሴቶች ያሻገሩት ስም

ጄምስ ብሩስን የማያውቅ የታሪክ ወዳጅ በአገራችን ጥቂት ነው። የጎንደርን ዘመን፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ፣ የመጽሐፈ ሄኖክን ብራናዎች የሚያነሣ ሁሉ ይህን ስኮትላንዳዊ ሳይጠቅስ አያልፍም። ስለ ሰውየው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ስሙ ግን ጠያቂ የለውም። በእኛ ዘንድ ሰው የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ሲጠየቅም የአያቱን ይናገራል። ከዚያ በላይ ያለው ዘር ሲቆጠር በቃል ይወርዳል እንጂ መታወቂያ ላይ አይሰፍርም። ብሩስ የሚለው ግን የጄምስ አባት የክርስትና ስም አልነበረም፤ የአያቱም አልነበረም። ጄምስ ሳይወለድ ስድስት መቶ ዓመት የኖረ የቤተሰብ ስም ነበር። ይህ ስም ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ እስከ ጎንደር ዘለቀ? ለመንገድ ያስነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስፍሬያለሁ።

መነሻው ስኮትላንድ አይደለም። በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ ከሼርቡር ወደብ ወደ ደቡብ ጥቂት ወረድ ሲሉ ብሪ የምትባል መንደር አለች። አገሩ ለምለምና እርጥብ ነው። ማሳው ትንንሽ ሆኖ በአፈር ክምርና በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ነው፤ በየአጥሩ ውስጥ ላሞች ይግጣሉ፣ የፖም ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ዝቅ አድርገው ይቆማሉ። ምሳ የበላሁባት ቤት ባለቤት ቅቤ ሳትሰስት የሠራችውን ዶሮ ከፖም ጠጅ ጋር አቀረበችልኝ። ስለ ብሩስ ስጠይቃት በእጇ ወደ ኮረብታው አመለከተችኝ። የጥንቱ ባላባቶች ምሽግ የነበረው እዚያ ነው። ዛሬ የቀረው ሣርና ዛፍ የዋጠው ጥቂት ድንጋይ ብቻ ነው።

ስሙ የወጣው ከዚህች መንደር ነው። ሮበርት ደ ብሩስ ማለት የብሪው ሮበርት ማለት ነበር። በመንደሩ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው ሊኖር አይችልም፤ ሁሉም የብሪ ሰው ነውና። በመንደሩ ስም መጠራት የሚጀምረው ከመንደሩ የወጣ ሰው ነው። እኛም ጎጃሜ፣ ወሎዬ፣ መንዜ የምንለው ሰው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከመንዝ ወጥቶ ሌላ አገር የተቀመጠውን ነው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ይህ መጠሪያ ከሰውየው ጋር ያልፋል፤ ከዚህ የወጣው ግን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እየተላለፈ ዘጠኝ መቶ ዓመት አለፈው። ብሪን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ዛሬ በአምስት አህጉር የብሪን ስም ይዘው ይኖራሉ።

ሮበርት በ1066 ከድል አድራጊው ዊሊያም ጋር ባሕር ተሻገረ የሚል ትረካ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። በሰነድ የሚታወቀው ግን ከ1100 በኋላ፣ በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን፣ በዮርክሺር ሰፊ መሬት ማግኘቱ ነው። ያገኘውን መሬት ለማየት ወደ ጊዝቦሮ ሄድኩ። ሮበርት በ1119 ገደማ የመሠረተው ገዳም ፈርሷል፤ የምሥራቁ ግድግዳ ግን ብቻውን ቆሟል። መስኮቱ ባዶ ቅስት ነው፤ በውስጡ የሚታየው የሰሜኑ ደመናና ከበስተኋላው የተዘረጋው አረንጓዴ ኮረብታ ነው። አጠገቡ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የብሩስ ቤተሰብን የሚዘክር ከድንጋይ የተቀረጸ የመቃብር ሣጥን አለ፤ በጎኖቹ ላይ ጋሻ የያዙ ባላባቶች ተደርድረዋል። የኋላው የስኮትላንድ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ ወንድ አያት በ1295 የተቀበረው በዚህ ገዳም ነው። የስኮትላንድ አርበኛ የምንለው ሰው አያት እንግሊዝ አፈር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቁትን አንድ ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። «ብሩሶች የእናንተ ናቸው ወይስ የስኮቶች?» አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ ተቀረጹት ባላባቶች እያዩ፣ «እነሱ በነበሩበት ጊዜ ጥያቄው ራሱ አልነበረም፤ መሬት የሰጠህ ንጉሥ ጌታህ ነው» አሉኝ። ንግግራቸው እውነት ነው። በ1124 የስኮትላንዱ ንጉሥ ዴቪድ ቀዳማዊ ለዚሁ ሮበርት ከድንበሩ ማዶ ያለውን የአናንዴልን ሸለቆ ሰጠው። ደብዳቤው የተጻፈው ለንጉሡ ፈረንሳዊና እንግሊዛዊ ሰዎች ነው። በአገራችን ጉልት የሚባለውን የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም፤ ባላባቱ በምላሹ ፈረሰኛ ያዘምታል።

ጉልት በሁለት አገር ሲኖር ግን ታማኝነትም ለሁለት ይከፈላል። በ1138 የስኮቶችና የእንግሊዞች ጦር በዮርክሺር ሜዳ ላይ ሲገጥሙ አባትየው ሮበርት ለእንግሊዝ፣ በአናንዴል የተቀመጠው ልጁ ሮበርት ለስኮትላንድ ተሰለፉ። አባትየው ከውጊያው በፊት ወዳጁ የነበረውን ንጉሥ ዴቪድን እንዲመለስ ለመነው፤ እምቢ ሲለው መሐላውን አፍርሶ ተለየው። ስሙ አንድ ነው፤ ሰልፉ ሁለት ነው። በውጭ አገር ልጅ ያሳደጉ ወገኖቼን አሰብኳቸው። አባት አንዱን አገር፣ ልጅ ሌላውን «አገሬ» የሚልበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስም በሁለቱ ላይ እኩል ይቀመጣል፤ አገርን ግን እያንዳንዱ በራሱ ኑሮ ያገኘዋል።

አናንዴል የበግ አገር ነው። ሸለቆው ሰፊ፣ ወንዙ ዝግተኛ፣ ሰማዩ ዝቅ ያለ ነው። በሎክሜበን ሐይቅ ዳር የሚታየው የምሽግ ፍርስራሽ ዝናብ እየመታው ወደ አፈርነት በመመለስ ላይ ነው። ከኖርማንዲ የመጣ ባላባት በዚህ ሸለቆ መቶ ዓመት ቢቀመጥም ለጎረቤቶቹ ያው ፈረንጅ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ፈረንሳይኛ፣ የሚያገባው ከመሰሎቹ ነበር። ይህ ባዕድ ስም የአገሩ ስም የሆነው በጦር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመንገዱ እየገፋሁ ስሄድ ግን በየመታጠፊያው የማገኘው ሴት ሆነ።

የመጀመሪያዋ ኢዛቤል ናት። የሀንቲንግደን መስፍን የዴቪድ ልጅ፣ የንጉሥ ዴቪድ ቀዳማዊ የልጅ ልጅ ልጅ ነበረች፤ የአናንዴልን ጌታ አንዱን ሮበርት አገባች። በ1290 የስኮትላንድ ዙፋን ወራሽ ሲያጣ ብሩሶች «መንግሥቱ ለእኛ ይገባል» ብለው የቆሙት በእሷ በኩል ነው። ከወንዱ መስመር ቢቆጠር ኖርማንዲ ነው የሚያደርሳቸው። የስኮትላንድ ንጉሥ ደም የመጣው ከእናት ነው።

ሁለተኛዋን ለማግኘት ወደ ምዕራቡ ባሕር ጠረፍ፣ ወደ ተርንበሪ ወረድኩ። ባሕሩ ሸካራ ነው፤ ከውኃው መካከል ኤልሳ ክሬግ የምትባለው ደሴት እንደ አንድ ድንጋይ ቀጥ ብላ ትታያለች። የጥንቱ ምሽግ መሠረት ላይ ዛሬ የመርከብ መብራት ማማ ቆሟል፤ ዙሪያው የጎልፍ ሜዳ ሆኗል። ይህ ቦታ የካሪክ እመቤት የማርጆሪ ነበር። ማርጆሪ ግዛቱን ከአባቷ ወርሳ በራሷ ስም የምታስተዳድር፣ የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪ አገር እመቤት ናት። ባሏ በመስቀል ጦርነት በአክር ሞተ። ከመቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ጆን ኦፍ ፎርዱን እንደሚተርከው፣ ማርጆሪ አደን ላይ ሳለች አንድ መልከ መልካም ወጣት አገኘች፤ ሮበርት ብሩስ ይባላል። ወደ ቤቷ ጋበዘችው፤ ሲያመነታ የፈረሱን ልጓም ይዛ ተርንበሪ አስገባችው፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተጋቡ። ያለ ንጉሥ ፈቃድ በመጋባታቸው ንጉሡ ተቆጥቶ ምሽጓን ወረሰባት፤ ካሣ ከፍላ አስመለሰችው።

ታሪኩ በአፍ ሲወርድ ጌጥ ተጨምሮበት ይሆናል። ከዚህ ጋብቻ በ1274 የተወለደው ልጅ ግን የኋላው ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ነው። የአባቱ ስም ከፈረንሳይ መንደር የመጣ ነው፤ የእናቱ አገር ደግሞ ከስኮትላንድ ሥር የበቀለ ነው። የካሪክ ሰዎች በችግሩ ቀን የተከተሉት የእናቱ ሰዎች ስለሆኑ ነው። የጎንደርን፣ የሸዋን፣ የጎጃምን የባላባት ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ይረዳዋል። እኛም ዘንድ ርስት በእናትም በአባትም ይወረሳል፤ ሰው መሬት ሊጠይቅ ሲነሣ የሚቆጥረው ሐረግ ብዙ ጊዜ በአንዲት ቅድመ አያት በኩል ያልፋል። ሰባት ቤት ሲቆጠርም በሁለቱም ወገን ነው። የእኛ ቆጠራ እናቶችን በቃል ይይዛል። የአውሮፓው የቤተሰብ ስም ግን አባቶችን ብቻ እየጻፈ እናቶችን ይሸፍናል፤ ማርጆሪን የሚያገኛት ፈልጎ የሄደ ብቻ ነው።

ባኖክበርን ላይ በነሐስ የተቀረጸው ንጉሥ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ሜዳውን ይቃኛል። በሰኔ 1314 በሁለት ቀን ውጊያ የእንግሊዝን ታላቅ ጦር ያሸነፈበት አገር ነው። ስለ ድሉ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። ከሐውልቱ ሥር ቆሜ ያሰብኩት ግን ከድሉ ስምንት ዓመት በፊት ስለሆነው ነው። በመጋቢት 1306 ሮበርት በስኩን ሲነግሥ፣ ነገሥታትን ወደ ዙፋን የማውጣት መብት የነበረው የፋይፍ ቤተሰብ ነበር። የቤተሰቡ ወንድ ወራሽ ልጅ ነው፤ በእንግሊዞች እጅ ነው። ስለዚህ ኢዛቤላ ማክደፍ መጣች። ባሏ የብሩስ ጠላት ነበር፤ እሷ ግን የአባቷን ቤት መብት ይዛ መጥታ ዘውዱን በራሱ ላይ ጫነች። በዚያው ዓመት ተያዘች። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ በበርዊክ ምሽግ ውስጥ የእንጨትና የብረት ፍርግርግ ቤት አሠርቶ አስገባት፤ አራት ዓመት ያህል ቆየችበት። የሮበርትን እኅት ማርያምን ደግሞ በሮክስበራ በሌላ ፍርግርግ አሰራት። ሚስቱ ኤልሳቤጥም እስከ ባኖክበርን ድል ድረስ እስረኛ ነበረች። በሕፃንነቷ ተይዛ ገዳም የገባችው ልጁ ማርጆሪ ነጻ የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በሐውልቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ይዘው እስር ቤት የቆዩት ግን ሴቶች ናቸው።

የንጉሡ ወንድ ልጅ ዴቪድ ዳግማዊ በ1371 ልጅ ሳይተካ ሞተ። ብሩስ የሚል ስም በስኮትላንድ ዙፋን ላይ የቆየው ስልሳ አምስት ዓመት ብቻ ነው። የንጉሡ ሴት ልጅ ማርጆሪ ግን ዋልተር ስቱዋርትን አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ እሷ ከወለደች ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ ልጇ ሮበርት ዳግማዊ ተብሎ ነገሠ። ከዚያ የመጡት የስቱዋርት ነገሥታት ሁሉ፣ ዛሬ በለንደን የተቀመጠው ንጉሣዊ ቤተሰብም ጭምር፣ ወደ ሮበርት ብሩስ የሚደርሱት በእሷ ነው። ስሙ ቀረ፤ ዘሩ ቀጠለ።

ሜዳው ላይ ስዞር አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ከልጇ ጋር አገኘሁ። ቅድመ አያቷ ብሩስ የሚባሉ፣ ከቨርጂኒያ የመጡ እንደነበሩ ነገረችኝ። «ስሙን የያዝነው በምርጫችን አይደለም፤ ግን መነሻውን ልጄ እንዲያይ ፈለግሁ» አለችኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰማኋት። ስኮቶች ወደ አሜሪካና ወደ ካሪቢያን ሲሰደዱ ስማቸው በሁለት መንገድ ተስፋፍቷል፤ አንዱ በመውለድ፣ ሁለተኛው በባርነት። የባሪያ አሳዳሪው ስም በተገዙት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ብላንሽ ብሩስ በ1841 በቨርጂኒያ በባርነት ተወለደ፤ ስሙን ያገኘው እናቱን ፖሊን ይገዛ ከነበረው ቤተሰብ ነው። ይህ ሰው ከ1875 እስከ 1881 ሚሲሲፒን ወክሎ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀመጠ፤ የሥራ ዘመኑን ሙሉ ያገለገለ የመጀመሪያው ጥቁር የምክር ቤት አባል ነው። በኋላ የግምጃ ቤቱ ሹም ሆኖ ፊርማው በአሜሪካ ገንዘብ ላይ ታተመ። ብሩስ የሚለው ስም በሰው እጅ ተጽፎ በሚሊዮኖች ኪስ የገባው በዚህ ልጅ ነው። ከንጉሡ ስም ይልቅ ይህኛው ይከብደኛል፤ ባለቤቱ ከባርነት ስም የክብር ስም አድርጎታልና።

ከባኖክበርን ወደ ምሥራቅ፣ የፎርዝ ወንዝ እየሰፋ ወደ ባሕር በሚሄድበት፣ ክላክማነን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከኮረብታዋ ላይ የድንጋይ ግንብ ይታያል። ዴቪድ ዳግማዊ በ1359 ይህን መሬት ለአንድ ሮበርት ብሩስ ሲሰጥ በደብዳቤው ላይ «ውድ ዘመዳችን» ብሎታል። ዝምድናው በየት በኩል እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ከዚያ ወዲህ የስኮትላንድ ብሩሶች ዋና ዋና ቅርንጫፎች ዘራቸውን የሚመልሱት ወደዚህ ግንብ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ በ1647 ወደ ሩስያ ተሻግሮ ያኮቭ ብሩስን አስገኘ፤ የታላቁ ጴጥሮስ የጦር መሪና ሊቅ፣ በ1721 ከስዊድን ጋር የተደረገውን የሰላም ውል ከፈረሙት አንዱ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ የኤልጂንን መስፍንነት ይዞ ወደ ቁስጥንጥንያ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ህንድ ሹሞችን ላከ። ከአቴና የአክሮፖሊስን ቅርጻ ቅርጾች ወደ ለንደን የወሰደው ቶማስ ብሩስ ነው፤ በ1860 በፔኪንግ የንጉሠ ነገሥቱ የበጋ ቤተ መንግሥት እንዲቃጠል ያዘዘው ልጁ፣ ከጎንደሩ ተጓዥ ጋር ሞክሼ የሆነው ጄምስ ብሩስ ነው። የመቅደላን ዝርፊያ የምናስታውስ እኛ በዚህ ላይ በዝምታ አናልፍም፤ ስም ክብርን ብቻ አያወርስም፤ ዕዳንም ያወርሳል።

የክላክማነኑ ዋና ቤት በመጨረሻ የተዘጋው በአንዲት አሮጊት ነው። ካትሪን ብሩስ በትውልድም በጋብቻም ብሩስ ነበረች። ባሏ ሞቶ ብቻዋን በግንቡ አጠገብ ትኖር ነበር፤ የንጉሡ ነው የሚባለው ሰይፍ በእጇ ነበር። በ1787 ባለቅኔው ሮበርት በርንስ ሊጎበኛት ሲመጣ ዕድሜዋ ከዘጠና አልፏል። ሰይፉን አንሥታ በትከሻው ላይ አሳርፋ የባላባትነት ማዕረግ ሰጠችው። ማዕረግ የመስጠት ሥልጣን የንጉሥ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ከለንደኑ ንጉሥ ይልቅ መብቱ ለእሷ እንደሚቀርብ ታምን ነበር። በ1791 ስታርፍ ሰይፉ ወደ ኤልጂን ቤተሰብ ሄደ። የዚያን ዕለት ማታ በከተማዋ ከአንድ ቤት ሀጊስ በላሁ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ተቀቅሎ የሚቀርብ ነው፤ ዱለት የለመደ አፍ አይከፋበትም። በርንስ በግጥሙ አንግሦታልና ስኮቶች በየዓመቱ በጥር ወር ልደቱን የሚያከብሩት በዚሁ ምግብ ነው። የንጉሥ ሰይፍ የዳሰሰው ገጣሚ የድኻ ማዕድን አከበረ፤ ሕዝቡም የሁለቱንም ትዝታ አብሮ ይዞታል።

የመጨረሻው ማረፊያዬ ላርበርት ነው። ከፎርዝ ወዲህ ያለ የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነው። ጄምስ ብሩስ የኪኔርድ ጌታ በ1730 የተወለደው እዚህ ነው። ከመሬቱ ሥር የወጣው የድንጋይ ከሰል በ1759 የተቋቋመውን የካሮንን ብረት ማቅለጫ ያነድድ ነበር፤ እስከ ጎንደር ያደረሰው ገንዘብ ከዚያ የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከብረት ቀልጦ የተሠራ ረጅም ሐውልት ቆሟል። ካሮን ነው ያቀለጠው፤ ብሩስ ያሠራው ደግሞ ለሚስቱ ለሜሪ ዳንዳስ ነው። በ1785 አረፈች። እሱም በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲወጣ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተና አጠገቧ ተቀበረ። በዙሪያው ያሉትን የመቃብር ድንጋዮች እየዞርኩ አነበብኩ። በብዙዎቹ ላይ ሚስቶች የተጻፉት በአባታቸው የቤተሰብ ስም ነው። በጥንቱ የስኮትላንድ ልማድ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም ነበር። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ የእኛም እናቶች አግብተው የአባታቸውን ስም እንደያዙ ይኖራሉና።

ስለ ጄምስ ብሩስ ብዙ ኢትዮጵያዊ የማያውቀው ነገር ይህ ነው። ሰውየው በአባቶቹ መስመር ብሩስ አልነበረም። አያቱ ዴቪድ ሄይ ይባል ነበር። የኪኔርድ ወራሽ የነበረችው ሔለን ብሩስ ናት፤ ዴቪድ ሲያገባት የእሷን ስምና አርማ ወሰደ። ጄምስ በኩራት የሚጠራውና ወደ ንጉሡ የሚመልሰው ስም ከሴት አያቱ የመጣ ነው። ሔለን ባትወርስ ኖሮ ጎንደር የገባው ጄምስ ሄይ ይሆን ነበር።

ጎንደርም ያስገቡት ሴቶች ናቸው። በ1770 ሲደርስ ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟት ነበር። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት የታመሙ ሕፃናትን አከመ፤ የእቴጌዋ ልጅ፣ የራስ ሚካኤል ስሑል ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ወዳጁና ጠባቂው ሆነች። በኅዳር ወር ግሽ ዓባይ እስኪደርስ ድረስ ያቆየው የእነሱ ጥላ ነው። ምንጩን መጀመሪያ ያየሁት አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለቱ ትክክል አይደለም፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ምንጊዜም ሲጠበልበት ኖሯል። አብሮት የተጓዘውና ጎንደር ላይ የሞተው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒም የሚገባውን ያህል ምስጋና አላገኘም። ይህ ሁሉ ሆኖ በ1790 በአምስት ቅጽ ያሳተመው ጉዞው የዘመነ መሳፍንቱን መባቻ ጎንደር ያሳየናል፤ ይዟቸው የሄደው የሄኖክ ብራናዎችም ለአውሮፓ የጠፋውን መጽሐፍ መለሱለት።

በጎንደር ግን ብሩስ ብሎ የጠራው አልነበረም። ያዕቆብ ነበር የሚባለው። ከኖርማንዲ ተነሥቶ ስድስት መቶ ዓመት የተጓዘው ስም ኢትዮጵያ ሲደርስ ሥራ ፈታ፤ አገሬው ሰውየውን በራሱ ስም ጠራው። ስሙ ወደ አገራችን የገባው ኋላ፣ በሌላ በር ነው። ተቅማጥ ይዞት የዳነበትን ዋጊኖስ የተባለ ቁጥቋጦ ዘሩን ወስዶ ለዕፅዋት ሊቃውንት አሳየ፤ እነሱም ብሩሲያ አሉት። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ሜልበርን የተወለደው ሐኪም ዴቪድ ብሩስ በ1887 ማልታ ላይ የአንድ ትኩሳት ጀርም ለየ፤ በሽታው ብሩሴሎሲስ ተባለ፤ ያልፈላ ወተት የሚጠጣ አርብቶ አደራችን ሁሉ የሚሰጋው በሽታ ነው። በቤተ ሙከራው ከጎኑ ሆና የሠራችው ሚስቱ ሜሪ ናት። የእሷ ስም በበሽታው ላይ የለም።

ከብሪ እስከ ላርበርት ያየሁት አንድ ነው። የቤተሰብ ስም ሲታይ የአባቶች ገመድ ይመስላል፤ ሊበጠስ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ግን የያዘችው ሴት ናት። ኢዛቤል፣ ማርጆሪ፣ ሁለተኛዋ ማርጆሪ፣ ካትሪን፣ ሔለን፣ ፖሊ። ስሙ የወንድ ሆኖ ተጻፈ፤ ታሪኩ የሁለቱም ነው።

ይህ ነገር ዛሬ የእኛም ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በልማዱ ጸና። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ቅጽ ሲሞሉ የቤተሰብ ስም ይጠየቃሉ፤ የአያት ስም እዚያ ላይ ይሰፍራል፤ ልጅም የልጅ ልጅም በዚያው ይቀጥላል። ብሪን ከመንደር ወደ ቤተሰብ ስም የለወጠው ስደት አሁን የእኛን አያቶች ስም እያጸና ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ልጅ የወንድ ቅድመ አያቱን ስም በየዕለቱ ይጽፋል፤ የሴት ቅድመ አያቱን ስም ግን የሚነግረው አያገኝም። ቅጹ ስለ እሷ አይጠይቅም። ስለዚህ እኛ እንጻፈው። እናታችሁ በሕይወት ካለች የእናቷን፣ የእናቷን እናት፣ የአባቷንም እናት ስም ጠይቋት፤ የት እንደተወለዱ፣ ምን ርስት እንደነበራቸው፣ ማንን አሳድገው ማንን እንደቀበሩ በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ለልጆቻችሁም አንብቡላቸው።